ከተማው በአሸዋ፣ ትዝታው በደሴት

ከባሕር ዳር ወደብ የተነሣ የሞተር ጀልባ ጣና ቂርቆስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ሐይቁ ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በላይ። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ባለጀልባዎቹ በማለዳ መውጣት ይመርጣሉ። የዘጌን እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች በግራ በኩል ይቀራሉ። የምሥራቁን ዳርቻ ይዘው ሽቅብ ሲሄዱ ውሃው እየደፈረሰ ይመጣል፤ የጉማራ ወንዝ ከደራ መሬት ያጠበውን አፈር ተሸክሞ የሚገባው በዚያ ነው። ትንሽ ቆይቶ ገደላማ ዓለት ከውሃው ላይ ብቅ ይላል።

መነኮሳቱ ለእንግዳ የሚያሳዩት አያጡም። ጫፋቸው እንደ ጽዋ የተቦረቦረ የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ የኦሪት ካህናት የመሥዋዕቱን ደም ያኖሩባቸው ናቸው ይላሉ። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየችው እዚህ ነው፤ እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ ከልጇ ጋር ያረፈችበት ደሴት ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጎብኚ ሰምቶ የሚያልፈውን አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተቀበረው በዚችው ደሴት ነው።

ስለ ታቦቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ የአባ ሰላማ ነገር ነው። ሰውየው የጢሮስ ሰው ነው፤ የመጣው በቀይ ባሕር ነው፤ የተሾመው በእስክንድርያ ነው፤ መንበሩ አክሱም ነው። ትዝታው ግን ከባሕሩ ይህን ያህል ርቆ በጣና መካከል ይኖራል። እሱ የመጣበት ዓለም ትልቁ በር የነበረው ከተማ ደግሞ፣ ጳጳስ የነበረው፣ ዕብነ በረድ የለበሱ አብያተ ክርስቲያናት የነበሩት አዱሊስ፣ ዛሬ በአሸዋና በግራር ቁጥቋጦ ሥር ነው።

ከዛፍ ሥር የተገኙ ልጆች

የአባ ሰላማን፣ በመጀመሪያ ስሙ የፍሬምናጦስን፣ ታሪክ አስቀድሞ የጻፈው የአኩሊያው ሩፊኖስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ402 ገደማ፣ በላቲን። ወሬውን የሰማሁት ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ይላል። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ወደ ሩቅ አገር ተጉዟል። ሲመለሱ መርከቡ ውሃና ስንቅ ሊይዝ አንድ ወደብ ይቆማል። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር በመርከቡ ያገኙትን ሁሉ ፈጁ። ልጆቹ ግን ከመርከቡ ራቅ ብለው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነበር። አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ አስተዋይ ስለነበር የንጉሡን ግምጃ ቤትና ጽሕፈት ያዘ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን አብረዋት እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣን ላይ ሳለ ለንግድ የመጡትን ሮማውያን ክርስቲያኖች እየፈለገ መጸለያ ቦታ እንዲያበጁ ያደፋፍራቸው ጀመር። ይህን ልብ እንበል። ከስብከቱ በፊት የነጋዴ ጸሎት ቤት ነበር፤ ክርስትናው መጀመሪያ እግሩን ያሳረፈው ዕቃ በሚወርድበትና በሚጫንበት ስፍራ ነው። ሩፊኖስ ወደቡን በስም አይጠራውም። በዚያ ዘመን የሮም ነጋዴ ወደ አክሱም የሚገባበት ዋናው በር ግን አዱሊስ ነበር።

ልጁ ንጉሥ ሲያድግ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስ የሆነውን ሁሉ ነገረውና ጳጳስ እንዲልክ ለመነው። አትናቴዎስም ካንተ የተሻለ ሰው ከወዴት እናገኛለን ብሎ ራሱን ሾሞ መለሰው። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን ታስበዋለች።

ሹመቱ ከፖለቲካም አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጥዮስ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ቆስጠንጥዮስ የአርዮስን ወገን የያዘ፣ አትናቴዎስን ያሳደደ ሰው ነው። ፍሬምናጦስን የሾመው ወንጀለኛው አትናቴዎስ ነውና ሃይማኖቱ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ስደዱት ይላል። ደብዳቤውን በራሱ መጽሐፍ ገልብጦ ያተረፈልን አትናቴዎስ ነው። በሮምና በአክሱም መካከል ስለ አንድ ጳጳስ ደብዳቤ መመላለሱ ብቻውን መንበሩ ምን ያህል እንደከበደ ያሳያል። የደብዳቤው ውጤት ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ በአቅራቢያው ካለ ደብር ገብቶ ቅዳሴ ይስማ፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ቅዳሴ አትናቴዎስ ነው።

የዝሆን ጥርስና የሰሜን በረዶ

አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ ስሙን ያልነገረን የግሪክ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መመሪያ ውስጥ ከባሕሩ 20 ስታድዮን፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ የሚገኝ መጠነኛ መንደር ይለዋል። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ቀን ሲጓዙ የዝሆን ጥርስ ገበያ የሆነችው ቆሎኤ አለች፤ ከቆሎኤ አክሱም ሌላ አምስት ቀን ነው። የአገሩ ንጉሥ ዞስቃሌስ ገንዘብ ላይ እጁ የሚጨብጥ፣ በሌላው ግን ጨዋና የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ ነው ይላል። ነጋዴ ንጉሥን እንዲህ ሲገመግም ማንበብ ደስ ይላል።

የሚገባው ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ ጥቂት የወይን ጠጅና ዘይት ነው። የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ነው። የዝሆን ጥርሱ ሁሉ ከናይል ማዶ ካለ አገር ተሰብስቦ በአክሱም በኩል ወደ አዱሊስ ይወርዳል። እንግዲህ ወደቡ የሚኖረው ባሕሩ ዳር ባለው አሸዋ ሳይሆን በኋላው ባለው ደጋ ነበር።

ኋላ አገሩን በተሻለ ያሳየን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዓፄ ካሌብ በየመን ወደነበረው ወደ ሒምያር መንግሥት ሊዘምት በሚሰናዳበት ወራት፣ አዱሊስ ነበር። ኮስማስ በስተርጅና መንኩሶ ምድር ጠፍጣፋ ናት፣ ዓለምም የሙሴ ድንኳን ቅርጽ አለው ብሎ የሚሟገት መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ የተከተለው ጥቂት ነው። በዓይኑ ያየውን ሲጽፍ ግን ጠንቃቃ ነው።

በከተማው ምዕራብ መግቢያ፣ ወደ አክሱም በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ የዕብነ በረድ ዙፋን ቆሟል። ከበስተኋላው ጥቁር የድንጋይ ሐውልት አለ። ሁለቱም በግሪክ ፊደል ተጽፎባቸዋል። ሞት የተፈረደበት ሰው የሚገደለው በዚያ ዙፋን ፊት ነው። ካሌብ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክለት የአዱሊስን ገዥ አዘዘ፤ ገዥው ኮስማስንና ምናስ የሚባል ሌላ ነጋዴን ጠራ። ኮስማስም አንድ ቅጂ ለገዥው ሰጠ፤ ለራሱም አስቀረ። ሐውልቱ የግብጹን ንጉሥ የ3ኛው በጥሊሞስን ድል ይተርካል። በዙፋኑ ላይ ያለው ግን ስሙ ተቆርጦ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን አገሮች መዝገብ ነው። ኮስማስ ሁለቱን እንደ አንድ ጽሑፍ አንብቦ የተለያዩ ሰዎችን አንድ አደረገ። ከዝርዝሩ ውስጥ ለእኛ የቀረበ ስም አለ፦ ከናይል ማዶ፣ በረዶ በሚለብስ አስቸጋሪ ተራራ ላይ የሚኖሩ የሰሜን ሰዎች። ራስ ዳሸን ያለበት ሰሜን ነው። ዙፋኑም ሐውልቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ በእጃችን ያለው የኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው።

ስለ ወርቅ ንግዱ የጻፈው ደግሞ ከዓባይና ከጣና አካባቢ ሰው ጆሮ ሊያመልጥ አይገባም። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ወርቅ ወዳለበት ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል። ከ500 በላይ ነጋዴ አብሮ ይሄዳል። በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይጓዛሉ። ሲደርሱ ሰፈሩን በእሾህ አጥረው በሬውን ያርዱና ሥጋውን በአጥሩ ላይ ይሰቅላሉ፤ ጨውና ብረቱንም እዚያው ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው ይመጣና አተር የሚያህል የወርቅ እንክብል በፈለገው ሥጋ ላይ አኑሮ ፈቀቅ ይላል። ባለ ሥጋው ዋጋው ካረካው ወርቁን ያነሣል፤ ካላረካው ይተወዋል። ያ ደግሞ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ አይገናኝምና ገበያው ያለ ንግግር ለአምስት ቀን ያህል ይቆያል። የአዱሊስ ዕብነ በረድ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው የአገውን መንገድ ይዞ መጀመር ይችላል።

የአዱሊስ ጳጳስ

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተጻፈ፣ ጳላድዮስ ጻፈው የሚባል የግሪክ ድርሳን አለ። ስለ ሕንድ ጠቢባን ነው። ደራሲው እስከ ሕንድ ዳርቻ የደረስሁት ከብፁዕ ሙሴ ከአዱሊስ ጳጳስ ጋር ነው ይላል፤ ነገር ግን ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ዕቃ ውስጥ ሲገባ እስኪፈላ ድረስ ሙቀቱ ቢበረታብኝ ተመለስሁ። ሙሴ ከዚያ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። ከአክሱሙ መንበር ሌላ ወደቡ የራሱ ጳጳስ እንደነበረው፣ ያም ጳጳስ ባሕር አቋርጦ የሚጓዝ ሰው እንደነበረ ግን ከዚች አጭር ቃል እንረዳለን።

የሙሴን ስም ያተረፈው መጽሐፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያተረፈው አፈሩ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የኤርትራና የጣልያን ተመራማሪዎች በአዱሊስ በጋራ ሲቆፍሩ ቆይተዋል፤ የቫቲካን የክርስቲያን አርኪዮሎጂ ተቋምም ተሳትፏል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ገብርኤሌ ካስቲሊያ በ2014/15 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ሁለት አብያተ ክርስቲያናትን ይገልጻል። አንደኛው የጥምቀት ቤት ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የጳጳሱ መንበር የነበረ የሚመስለው ነው። ሁለተኛው አነስ ያለ ሲሆን በመካከሉ በክብ የቆሙ ዓምዶች ነበሩት፤ ጉልላት ተሸክመው ሳይሆን አይቀርም። የራዲዮካርቦን የዕድሜ ምርመራው ሕንፃዎቹ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ መቆማቸውን ያሳያል። ግንቡ በአክሱም ስልት ደረጃ ደረጃ ያለው መሠረት አለው። የመቅደሱ አጥር ዕብነ በረድ ግን ከቁስጥንጥንያ አጠገብ ካለው ከማርማራ ባሕር ደሴት ተጠርቦ በመርከብ የመጣ ነው። የአገር ግንበኛ መሠረቱን ሲጥል የባሕር ማዶ ጠራቢ መቅደሱን አስጊጧል።

ከተማው ባዶ የቀረው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፋርሶች እ.ኤ.አ. በ570ዎቹ የመንን ይዘዋል፤ ቀጥሎ የእስልምናው መንግሥት ሲነሣ የቀይ ባሕር ንግድ መልክ ተለወጠ። ወደ ሮም የሚሄድ ዕቃ ሲያንስ የአዱሊስ ሥራ አነሰ። ካስቲሊያ እንዳሳየው ፍርስራሹ ላይ ኋላ ሙስሊሞች ሙታናቸውን ቀብረዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ማንም በእልህ አፍርሶት አልነበረም፤ ቅዱስ ስፍራ መሆኑ በሌላ ሃይማኖት ቀጠለ። ይህን ዓይነት ነገር የሚያስተምረን ቁፋሮ ብቻ ነው።

ያው ጦር፣ ያው ቤተ መዘክር

የአዱሊስ ዕብነ በረድ መጀመሪያ ፀሐይ ያየው በመቅደላ ሰበብ ነው። የብሪታንያው የጄነራል ናፒየር ጦር ዓፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲመጣ ያረፈው እዚያው ዙላ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነበር። ባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አወረደ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በጥሊሞሶች ለጦርነት ዝሆን ያድኑበት በነበረው ባሕር ዳር ዝሆን በመርከብ መጥቶ ሲወርድ ማሰቡ ራሱ ግርም ይላል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሱን ሰዋ። የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ነበር፤ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም ተጫኑ። በዚያው ዓመት ጉድፌሎ የተባለ መኮንን አዱሊስን ቆፍሮ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አገኘ። የመቅደስ አጥሩ ስብርባሪና የመቅደላ ብራና ወደ አንድ ቤተ መዘክር ገቡ።

ስለ መቅደላ ዘረፋ በየዓመቱ እንጮኻለን፤ ተገቢም ነው። ስለ አዱሊስ ድንጋይ ሲነሣ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው። ድንበር ስለተሠመረ ይሆናል። ታሪኩ ግን የተሠራው ከድንበሩ በፊት ነው።

ከጉድፌሎ ኋላ በአዱሊስ ከቆፈሩት ከስዊድናዊው ሰንድስትሮም (1906 እ.ኤ.አ.)፣ ከጣልያናዊው ፓሪቤኒ (1907 እ.ኤ.አ.) እና ከፈረንሳዊው አንፍሬ (1961 እና 1962 እ.ኤ.አ.) በኋላ ቦታው ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ነበር።

መንበሩ የት ሄደ?

ከተማ ሲሞት ጳጳሱ ይሞታል። በሰሜን አፍሪካና በትንሿ እስያ እንዲህ የጠፉ በመቶ የሚቆጠሩ መናብርት አሉ፤ ስማቸው በጉባኤ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። የአዱሊስም ዕጣ ይኸው ሆነ። የአክሱሙ ግን አልሞተም። ምክንያቱ ጳጳሱ ከከተማ ይልቅ ከንጉሥ ጋር መታሰሩ ይመስለኛል። ንጉሥ ሲሰፍር ይሰፍራል፤ ሲነሣ ይነሣል። ጎንደር የሄደ ሰው አቡን ቤት የሚባለውን ሰፈር ያውቀዋል፤ ከአክሱም የተነሣው መንበር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጣና በስተ ሰሜን ቤት ሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ከሾመ ወዲህ አቡኑ ከግብጽ እየመጣ ቆየ። አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም፤ መልእክተኛ ወርቅ ይዞ ካይሮ ይወርዳል፤ ሱልጣኑ ሊከለክል ይችላል። በ1921 ዓ.ም. ነው አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና የተቀቡት። ኋላ በፋሺስቶች ጥይት የተሰዉት አቡነ ጴጥሮስ አንዱ ናቸው፤ ለጎጃም የተሾሙት አቡነ አብርሃምም አንዱ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። ያ ከዛፍ ሥር የተገኘ ልጅ የጀመረው ነገር ወደ አገር ልጅ እጅ እስኪገባ 1,600 ዓመት ገደማ ወሰደ።

ድንጋይ ሲመሰክር

ጣና ቂርቆስ ስለ አባ ሰላማ የሚናገረውን ቁፋሮ ገና አልነካውም። በሐይቁ ላይ ታሪካቸው በጽሑፍ የሚታወቀው ታላላቆቹ ገዳማት፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልን የመሰሉት፣ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተተከሉ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው ሺህ ዓመት በትውፊት እጅ ነው። ትውፊትን ተረት ነው ብሎ መጣል ስንፍና ነው፤ ትውፊት ስላለ ቁፋሮ አያስፈልግም ማለትም ያው ስንፍና ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ከይሓ አጠገብ አለ። በትግራይ ቤተ ሰማዕቲ የሚባለውን ጉብታ ለተመራማሪዎች የጠቆሙት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ቦታው ትልቅ እንደሆነ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። በማይክል ሃሮወር የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ቆፍሮ ከአዱሊሶቹ የሚቀድም፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። አጠገቡ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ወጣ፤ መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የአንገት ድንጋይም ወጣ። ክርስቶስ ይራራልን የሚል ልመና የተጻፈበት ድንጋይም ነበር። የፍሬምናጦስ ዘመን ምእመናን እንግዲህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖሩ አይደሉም።

የጣና ዙሪያ ግን በዚህ ረገድ ገና እምብዛም ያልተነካ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆአን ዶምብሮውስኪ ከሐይቁ ምሥራቅ ባሉ ዋሻዎች ቆፍራ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ የገብስና የሽምብራ ፍሬ አግኝታለች። ያን ዘር የዘራ ሕዝብ የት ሰፈረ፣ ለአዱሊስ ወርቅና ጥርስ ያቀበለው መንገድ በየት አለፈ፣ መጀመሪያ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የት ነው የሚለው በዳርቻው አፈር ውስጥ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሲታይ ነው። አፈሩ ደግሞ በፍጥነት እየተገለበጠ ነው። የቆጋና የርብ መስኖ ተቆፍሯል፤ ጎርጎራ ላይ መዝናኛ ተገንብቷል፤ ባሕር ዳርም ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲህ ወደ ማዶ እየሰፋች ነው። ልማቱ ይሁን፤ ከዶዘሩ በፊት ግን አንድ የቅርስ ባለሙያ መሬቱን በእግሩ ይርገጠው።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥንታዊ ነገር በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲያስታውቅ ያዛል። መሠረት ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ፣ ወፍራም የሸክላ ስብርባሪ፣ መስቀል ያለበት ሳንቲም ቢወጣ ከቦታው ሳታነሡት ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።